በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ልክሽ የሆነ ጡት መያዣ አመራረጥ

ነፍሰ ጡር ሴት ጡት መያዣ ስትገዛ በሰውነቷ ላይ ሁለት ልኮች በየፊናቸው እየተለወጡ ነው። የጎን አጥንቶችን የሚያያይዙት ጅማቶች በእርግዝና ሆርሞኖች ስለሚላሉ የደረት ዙሪያ ይሰፋል፤ እስከ መውለጃ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። ጡቱ በበኩሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፈጥኖ ያድጋል፤ ከወለዱ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ሲገባ በአንድ ጊዜ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ልኩን እስኪይዝ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አንዴ ተለክቶ ተገዝቶ ጡት እስከ ማስጣያ የሚያገለግል ጡት መያዣ የለም። ገንዘብ የሚባክነውም በብዛት በ4ኛው ወር አምስት ስድስት ገዝቶ በማስቀመጥ ነው።

ክፍሎቹን በስማቸው እንያዝ። ከጡት በታች ደረትን የሚዞረውን ቀበቶ፣ ጡቱን የሚይዘውን ካፕ፣ በትከሻ የሚያልፈውን ማንገቻ እንላለን። ጀርባ ላይ መንጠቆና ቀለበት አለ። ለማጥቢያ የተሠራው ደግሞ ካፑን ከማንገቻው የሚፈታ ክሊፕ አለው። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ቀበቶው ነው፤ ማንገቻው ካፑን ቦታው ላይ ከማቆየት ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም። ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ቦይ እየሠራ ከሆነ ጥፋቱን መጀመሪያ ቀበቶው ላይ ፈልጊ።

መቼ ይገዛ?

የመጀመሪያው ግዢ በወር ቆጠራ አይወሰንም፤ ጊዜው የነበረሽ ሲጠብሽ ነው። ስታወልቂው የቀረው ቀይ መስመር ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልጠፋ፣ ጡትሽ በካፑ አፍ ላይ ገንፍሎ አራት ጡት ያለሽ ካስመሰለ፣ ምግብ በበላሽ ቁጥር መንጠቆውን ፍቺው ፍቺው ካለሽ፣ ጊዜው ደርሷል። ካፑ ልክ ሆኖ ቀበቶው ብቻ ከጠበበ ግን አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ማስረዘሚያ ሞክሪ። መንጠቆና ቀለበት ያላት ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ከነባሩ ጀርባ ላይ ትቀጠላለች። ስትገዢ የመንጠቆዎቹን ብዛትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስተያዪ፤ ለባለ ሦስት መንጠቆ የተሠራችው በባለ ሁለቱ ላይ አትገባም።

ሁለተኛው ግዢ የማጥቢያው ነው፤ ጥሩው ጊዜ ከ36ኛው እስከ 38ኛው ሳምንት ነው። ሦስተኛው ከወሊድ 6 ሳምንት በኋላ፣ የወተቱ መጠን ከልጁ ፍላጎት ጋር ሲገጣጠም ነው። በየዙሩ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይታጠባል፣ ሦስተኛው ወተት ሲፈስ ቅያሪ ነው።

1. መለካት

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ። ከሌለ የማይለጠጥ ሲባጎ አዙረሽ ርዝመቱን በማስመሪያ ለኪ። ያለ ጡት መያዣ ወይም ስፖንጅ በሌለው ስስ ጡት መያዣ ሆነሽ መስታወት ፊት ቁሚ።

በመጀመሪያ ከጡት በታች ነው። ሜትሩን ጡትሽ ከደረትሽ ጋር በሚገናኝበት መስመር አዙሪው፤ ጀርባሽ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዳይንሸራተት በጎን ዞር ብለሽ በመስታወት እዪ። ትንፋሽሽን አውጥተሽ ሜትሩ ቆዳሽን ነክቶ ሳይሰምጥ አንብቢ። ቀጥለሽ አየር እስከ ጥግ ስበሽ ድጋሚ አንብቢ። ለስሌቱ የምትይዢው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ቀበቶው ምን ያህል መለጠጥ እንዳለበት ይነግርሻል። ስትተነፍሺ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጨምር ደረት ላይ የማይለጠጥ ቀበቶ ማሰር ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ በጡት ላይ፦ ሜትሩን በጡት ጫፍ ደረጃ፣ ሳታጠብቂ አዙሪ። ጡትሽ ከብዶ ወደ ታች ከሳበ አንዴ ቆመሽ፣ አንዴ ከወገብሽ ጎንበስ ብለሽ ለኪና የሁለቱን አማካይ ውሰጂ። የምታጠቢ ከሆነ ከማጥባትሽ በፊት፣ ጡትሽ ሞላ ብሎ ሳለ ለኪ። አሁን በተጠባ ጡት ላይ የተመረጠ ካፕ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ያፍንሻል። አንዱ ጡት ከሌላው ቢበልጥ ምንም ማለት አይደለም፤ በማጥባት ጊዜ እንዲያውም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የምትመርጪው ለትልቁ ነው። ትንሹ ላይ የሚቀረውን ክፍተት ፓድ፣ ማለትም የሚፈሰውን ወተት እንዲመጥ ካፑ ውስጥ የሚደረገው ጨርቅ፣ ይሞላዋል።

2. ቁጥሩን ወደ ልክ መለወጥ

በአውሮፓ አለካክ ቀበቶው በ5 ሴንቲ ሜትር እየዘለለ ይሄዳል። ከጡት በታች ከ68 እስከ 72 የሆነች 70 ትለብሳለች፤ ከ73 እስከ 77 ያለችው 75፣ ከ78 እስከ 82 ያለችው 80። የካፑን ፊደል የምታገኚው ከጡት ላዩ ቁጥር የጡት ታቹን ስትቀንሺ ነው። ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ፣ ከ18 እስከ 20 ዲ፣ ከ20 እስከ 22 ኢ ነው። ለምሳሌ ከጡት በታች 80፣ በጡት ላይ 97 ከሆንሽ ልዩነቱ 17 ነው፤ መነሻ ልክሽ 80 ሲ ይሆናል። መነሻ ያልነው ፋብሪካው ሁሉ አቆራረጡ ስለሚለያይ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ለብሶ መፈተሽ ነው።

መለያው ላይ ያለው ቁጥር በየአገሩ መለያየቱ ብዙዎችን ያሳስታል። የአውሮፓው 70፣ 75፣ 80፣ 85 በእንግሊዝና በአሜሪካ አለካክ 32፣ 34፣ 36፣ 38 ነው። በፈረንሳይና በስፔን ደግሞ በአውሮፓው ላይ 15 ይጨመራል፤ ስለዚህ «90» የሚል መለያ የፈረንሳይ ከሆነ ለ75 ነው፣ የአውሮፓ ከሆነ ለትክክለኛው 90። ፊደሉም ከዲ በኋላ መንገዱ ይለያያል። እንግሊዞች ከዲ ቀጥለው ደብል ዲ ይላሉና የእነሱ ኢ ከአውሮፓው ኢ አንድ ደረጃ ይሰፋል። መለያው ላይ የበርካታ አገር ልክ ከተዘረዘረ ሁሉንም አንብቢ።

ፊደሉን ብቻ ይዞ መግዛትም አይሆንም። የ70 ዲ፣ የ75 ሲና የ80 ቢ ካፖች የሚይዙት መጠን እኩል ነው። ይህን ማወቅ መልበሻ ክፍል ውስጥ ይጠቅማል፦ ካፑ ልክ ሆኖ ቀበቶው ከጠበበሽ ቁጥሩን አንድ ከፍ፣ ፊደሉን አንድ ዝቅ አድርጊ። ቀበቶው ከላላም በተቃራኒው። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ እየተባሉ የሚሸጡት ለስላሳዎቹ አንድ ልክ ብዙ ካፕ የሚያቅፍ ስለሆነ ለመኝታና ለመጀመሪያው ሳምንት ይመቻሉ፤ ከባድ ጡትን ቀኑን ሙሉ ለመሸከም ግን ብዙውን ጊዜ አቅም ያንሳቸዋል።

3. የትኛው ረድፍ ላይ ይቆለፍ?

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ጀርባ ላይ ያሉት ቀለበቶች በሦስት፣ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ረድፍ የተደረደሩት ልክን ለማጥበብና ለማስፋት ነው። በአዘቦት ጊዜ አዲስ ጡት መያዣ በሰፊው ረድፍ ላይ ልክ ሲሆን ይገዛል፤ ላስቲኩ ሲላላ ወደ ጠባቡ ይገባል። በእርግዝና መጀመሪያና መሀል ግን ደረትሽ ገና ሊሰፋ ነው። ስለዚህ በጠባቡ ረድፍ ላይ ልክሽ የሆነውን ግዢ፤ ወራት በገፉ ቁጥር አንድ አንድ ረድፍ ትለቂያለሽ። በ36ኛውና በ38ኛው ሳምንት ለማጥቢያ ስትገዢ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደረትሽ አሁን ከሁሉ ይበልጥ የሰፋበት ጊዜ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ይጠባል። በሰፊው ረድፍ ላይ ልክ የሆነሽን ምረጪ፤ ያኔ ወደ ውስጥ የምትገቢበት ረድፍ ይቀርሻል። በ38ኛው ሳምንት በጠባቡ ረድፍ ላይ ልክ የሆነ ጡት መያዣ ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ጀርባሽ ላይ ይንሳፈፋል።

ለዚህ ሲባል አራትና ከዚያ በላይ ረድፍ ያለው ይመረጣል። የካፑ ጨርቅም መለጠጥ አለበት፤ በተለይ የላይኛው ግማሽ። በማጥቢያው ላይ በ38ኛው ሳምንት ካፑ ውስጥ እጅሽን አሳልፈሽ የምታስገቢበት ያህል ትርፍ ቦታ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ወተቱና ፓዱ ይሞሉታል።

4. ለብሶ መፈተሽ

አለባበሱ ራሱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ማንገቻዎቹን አጥልቂ፣ ጎንበስ በዪ፣ ጡትሽ ካፑ ውስጥ ይውደቅ፣ ከዚያ ቆልፊ። ቀና ስትዪ እጅሽን በካፑ ጎን አስገብተሽ ከብብትሽ በኩል ያለውን ሥጋ ወደ ፊት ሰብስቢ። የጡት ሥጋ እስከ ብብት ይዘልቃል፤ ውጭ የቀረው በካፑ ጠርዝ ሲጨቆን ቆይቶ ነው የሚያመው። ብዙ ሴት አንድ ፊደል የሚያንስ ካፕ ይዛ ልክ ነው የምትለው ይህን እርምጃ ስለምትዘለው ነው። ከዚያ እነዚህን እዪ፦

ቀበቶው ከፊትና ከኋላ እኩል መስመር ላይ መሆን አለበት። ጀርባ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል፤ ወይም ማንገቻው ከመጠን በላይ ተስቧል። ሁለት ጣት ከሥሩ ገብተው መንሸራተት አለባቸው፤ አንድ ጣት ብቻ ከገባ ጠባብ ነው፣ ጡጫ ካስገባ ደግሞ ምንም አይዝም።

እጆችሽን ወደ ላይ አንሺ። ቀበቶው ተነስቶ ጡትሽ ከሥር ብቅ ካለ አልሆነም።

የካፑ አፍ ጡትሽን ሳይቆርጥና ሳይከፈት መተኛት አለበት። ጨርቁ ከተጨማደደ ካፑ ሰፍቷል ለማለት አትቸኩዪ፤ ማንገቻውን መጀመሪያ አስተካክዪ። በእርግዝና ትንሽ መጨማደድን ችላ ብትዪው ይሻላል፤ መገንፈልን ግን ፈጽሞ አትለፊው።

ተቀመጪ፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ቆሞ ብቻ መፈተሽ ለነፍሰ ጡር አይበቃም፤ ስትቀመጪ ሆድሽ ወደ ላይ ይገፋና የቀበቶውን የታችኛ ጠርዝ ያጥፈዋል። የታጠፈው ላስቲክ በእጥፍ ውፍረት የጎን አጥንትሽን ይጫናል። ሰፊ ቀበቶ ለከባድ ጡት ጥሩ ድጋፍ ቢሆንም፣ ሆድሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ጠበብና ለስለስ ያለው ይሻልሻል። ቃር የሚያስቸግርሽ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነም ይህን ፈተና አጥብቀሽ ያዢው።

5. የማጥቢያውን አከፋፈት መፈተሽ

ክሊፑን በአንድ እጅ፣ ሳታዪው፣ ፍቺና መልሰሽ ቆልፊ። በሌላው ክንድሽ የተጠቀለለ ፎጣ ታቀፊ፤ ልጅ ታቅፈሽ የምታደርጊው ነገር ነውና። መፍታቱ ይቀላል፤ የሚያስቸግረው መልሶ መቆለፉ ነው። በግራም በቀኝም ሞክሪው።

አሁን ካፑ ወርዶ ሳለ መስታወት እዪ፤ መልሱ ያለው እዚህ ነው። አንዳንዱ ጡት መያዣ ካፑ ሲወርድ ጡትን ከጎንና ከሥር የሚደግፍ ውስጣዊ የጨርቅ ክፈፍ ይቀረዋል፤ ሌላው ከጎን ብቻ የሚያልፍ ቀጭን ጥብጣብ አለው። ክፈፉ ያለው ከባድ ጡትን ደህና ይይዛል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ጡትሽ በክብ ቀለበት ተጨቁኖ ይወጣል፣ ወተቱ በሚመጣበት አቅጣጫ ሁሉ ይጫናል። የጡትሽ ሥር ከቀዳዳው በሙሉ መውጣት አለበት። የወረደው ጨርቅም ከሥር ተከምሮ ጡትሽን ወደ ላይ እንዳይገፋ እዪ። ልጁ በደንብ የሚይዘው አገጩ ጡትሽን ሲነካ ነው፤ በመሀል የጨርቅ ክምር ካለ ጫፉን ብቻ ይይዝና ያቆስልሻል።

ከፊት እንደ ነጠላ ተደራርቦ ወደ ጎን የሚሳበው ክሊፕ የለውም፤ ለሌሊት ተመራጭ ነው። ከፊት በመንጠቆ ወይም በዚፕ የሚከፈተው ሲከፈት ሁለቱንም ጡት በአንዴ ይለቃቸዋል፣ በሌላው ጡት ወተት የሚፈስባት እናት ይህን አትወደውም። ወተት በማለቢያ መሣሪያ የምታወጪ ከሆነ ማለቢያውን ይዞ እጅሽን ነጻ የሚያደርግ ለብቻው የተሠራ አለ፤ ለማለቢያ ሰዓት ብቻ ይለበስ።

የሽቦው ነገር

ከካፑ ሥር የሚሰፋው ሽቦ በራሱ ወተት ያደርቃል የሚባለው ልክ አይደለም። ችግሩ ሽቦ ቅርጹን አይለውጥም፣ የምታጠባ ሴት ጡት ግን በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል። ጠዋት በሥጋው ዙሪያ በልኩ የተቀመጠው ሽቦ ከሰዓት በኋላ ሥጋው ላይ ይቀመጣል። አንድ ቦታ ላይ የሚቆይ ጫና የወተቱን ፍሰት ያግዳል፤ እብጠትና ሕመም ይከተላል። በእርግዝናም ጡቱ በሚያድግበት ወቅት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለየቀኑ ያለ ሽቦ፣ በስፌትና በሰፊ ቀበቶ የሚደግፈውን ምረጪ። ልብስሽ ሽቦ ያለውን ግድ ካለ ከወሊድ 6 ሳምንት በኋላ፣ ድጋሚ ተለክተሽ፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አድርጊው። ሽቦው ጎን ላይ ሲነኩት ከሥሩ አጥንት እንጂ የሚያምና ልል የሆነ ሥጋ መኖር የለበትም። ተኝተሽበት አትደሪ።

ጨርቅና ፓድ

የውስጡ ጨርቅ ጥጥ ሆኖ ትንሽ የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ይሁን። በጡት ጫፍ ላይ የሚያልፍ ስፌት ወይም ዳንቴል ያለበትን ተዪው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጫፉ ንፋስ ሲነካው እንኳ ይቆጠቁጣል። ማንገቻው ለከባድ ጡት ቢያንስ የሁለት ጣት ስፋት ይኑረው፤ ጠባብ ማንገቻ አንገትና ትከሻን ከማሳመሙ በላይ ክንድ ሊያደነዝዝ ይችላል።

እንገር ከመውለድሽ ወራት አስቀድሞ ጠብ ሊል ስለሚችል ፓድ በእርግዝናም ያስፈልግ ይሆናል። የሚጣለውም የሚታጠበውም ይሠራል፤ ዋናው በረጠበ ቁጥር መቀየር ነው። ጀርባው ላይ ፕላስቲክ ያለው ልብስሽን ያድናል፣ ቆዳሽን ግን ያፍናል፤ ለጉዞ አስቀምጪው። ጡት መያዣ ስትሞክሪ ፓዱን አድርገሽ ሞክሪ።

ወተቱ ሲገባ

ወደ መውለጃ ቦርሳሽ የምትከቺው ሁለት ለስላሳ፣ መንጠቆ አልባ ወይም ብዙ ረድፍ ያላቸው፣ በደንብ የሚለጠጡ ጡት መያዣዎች ናቸው። የተለካውና ቅርጽ ያለው ቤት ይቆይ። በነዚያ የመወጠር ቀናት ጡት በአንድ ሌሊት አንድ ሁለት ፊደል ሊዘል ይችላል፤ ተጨንቆ የሚገባበት ካፕ ሕመሙን ያባብሰዋል። ቶሎ ቶሎ ማጥባት ውጥረቱን ያቀለዋል። ሌሊት ጡት መያዣ ማድረግ ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልገው ፓድ ለመያዝ ወይም ከባድ ጡት ሲገላበጡ እንዳይጎትት ነው።

ለስፖርት የተሠራው ጡትን በመጭመቅ ስለሚይዝ ከእንቅስቃሴ በኋላ ወዲያው ይውለቅ። ሁለቱን ጡት ለየብቻ በካፕ የሚይዘው ዓይነት ከሚደፈጥጠው ይሻላል። እንቅስቃሴ ከመጀመርሽ በፊት ብታጠቢ ይቀልሻል።

ጡትሽ ላይ የሚያም ጠጣር ነገር ካገኘሽ በመጀመሪያ ከካፑ ጠርዝ፣ ከክፈፉ ወይም ከታጠፈው ማንገቻ ጋር አንድ ቦታ ላይ መሆኑን እዪ። ከሆነ ያን ጡት መያዣ አውልቂውና አትመለሺበት። ቆዳው ከቀላና ከሞቀ፣ ትኩሳትሽ 38.5 ከደረሰ፣ ሰውነትሽን እንደ ጉንፋን ከቆረጠመሽ የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጪ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያልጠፋ እብጠትም በጡት መያዣ አይመካኝ፣ ይታይ።

አጠባበቅ

የወተት እድፍን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፤ ሙቅ ውሃ የወተቱን ፕሮቲን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ መንጠቆውን ቆልፈሽ በ30 ዲግሪ፣ ያለ በረኪናና ያለ ማለስለሻ እጠቢ። ማለስለሻ ላስቲኩን ይገድለዋል። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ጫን በዪው። ሲሰጣ በማንገቻው አይንጠልጠል፣ የውሃው ክብደት ይለጥጠዋል፤ መሀሉን ገመድ ላይ አድርጊው ወይም ጥላ ባለበት ዘርጊው። የጡት ጫፍ ፈንገስ ካለብሽ ግን ደንቡ ይለወጣል፦ በየቀኑ ይቀየር፣ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፣ ላስቲኩ ቶሎ ቢያልቅም።

ጡት ስታስጥዪ

ወተት እንዲደርቅ ጡትን በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ማሰር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ታስሮ የቀረው ወተት ያብጣል፣ ይመግላልም። ደህና የሚደግፍ፣ የማያስጨንቅ ጡት መያዣ አድርጊ፤ የማጥቢያውን ጊዜ አንድ አንድ እያልሽ ቀንሺ። ጡቱ ወደ ልኩ የሚመለሰው በወራት ውስጥ ስለሆነ ውዱን ግዢ አቆዪው። ሁለት ልኬቶች በአንድ ወር ልዩነት ተለክተው አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጡሽ ያኔ ግዢ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ መንጠቆው በሰፊው ረድፍ ላይ ልክ ይሁን።